ከቀዩ ሻሽ ኋላ

ይህ የሆነ ነገር ነው። አንድ ቃል አልጨመርኩበትም።

የነገረኝ አባቴ ነው። አባቴን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ቀልድ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሰዎች ስለ ጂን ማውራት ከጀመሩ ተነስቶ ነው የሚሄደው። ይህችን ግን አንድ ቀን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ... ከዚያ ወዲህ ብጠይቀው ብለምነው ወይ ፍንክች።

ቦታው ድሬዳዋ ነው። ዘመኑ የጃንሆይ፣ የ1958 ክረምት። ሰዓቱ ደግሞ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት...

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት ነው።

ድሬ የኖረ ያን ሰዓት ያውቀዋል። ሱቁ ይዘጋል፣ ጫቱ ይቀርባል፣ ከተማው እንዳለ ጥላ ውስጥ ይገባል። መንገድ ላይ ውሻ እንኳ አይታይም።

ሦስቱ ልጆች ግን የሚጠብቁት ያንኑ ሰዓት ነበር።

አባቴን በስሙ ልጥራው፤ ያኔ አባቴ አልነበረማ። ፋራህ ይባላል፣ የመጋላ ልጅ። አየነው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ የከዚራ ልጅ ነው፤ አባቱ ምድር ባቡር ይሠራሉ። ሦስተኛው ዋይስ ነው፣ ከፋራህ ቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ጎረቤት። ሦስቱም አሥራ ሁለተኛን አብረው ጨረሱ፣ ሦስቱም ለዓለማያ ኮሌጅ አለፉ።

ግን በዚያው ዓመት የዋይስ አባት ሞቱ። ከዋይስ በታች ገና የሚያድጉ እህቶች አሉ። ባቡር ጥገናው የአባትህን ቦታ እሰጥሃለሁ ሲለው ምን ይበል? ኮሌጁን ተወው።

ፋራህ ለቅሶ ቤቱ ደጃፍ ላይ የዋይስን እጅ ይዞ ማለ። "ወላሂ፣ አንተን ጥዬ አልሄድም" አለው።

ማንም አላስገደደውም። አንጀቱ ተላውሶ ነው።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ግን የፋራህ ሻንጣ ተዘጋጅቶ አልጋ ሥር ተቀምጧል። ዋይስ ሻንጣውን አይቶታል። ስለ መሐላው ግን አንድም ቀን አላነሳበትም። ቢሰድበው ይሻለው ነበር። ፋራህን እንቅልፍ የነሳው ያ ዝምታ ነው።

ጨዋታቸው ሳንቃ ነበር። ከአሮጌ ፉርጎ ወለል የተነቀለ ረጅም ሳንቃ፣ ከሥሩ በጎማ ፈንታ ከባቡር ጥገናው የተጣለ ኩሽኔታ። ሽቅብ በሚሄድ የጭነት መኪና ጀርባ ተንጠልጥለው ወደ ዓለማያ የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ይወጣሉ። ከዚያ ሳንቃው ላይ ቆመው፣ ጉልበታቸውን ሸብረክ አድርገው፣ አስፋልቱን ቁልቁል ይለቁታል። ፍሬን የለ፣ ምን የለ። ዛሬ ልጄ እንዲህ አደርጋለሁ ብትለኝ እግሯን ነበር የማስረው።

ደንብም ነበራቸው። ደንቡን ያመጣው አየነው ነው፤ ከአባቱ የሰማው። ባቡር የመጨረሻው ፉርጎ ጀርባ ላይ ቀይ ፋኖስ ይሰቀልበታል። ጣቢያው ላይ የቆመው ሰው ቀዩን ካየ፣ ባቡሩ ሙሉውን ገብቷል። ካላየ ኋላ የቀረ አለ ማለት ነው።

ልጆቹም እንደዚያው አደረጉ። መጨረሻ የሚወርደው ልጅ አንገቱ ላይ ቀይ ሻሽ ያስራል። ሻሹ የፋራህ እናት የቢሻሮ ነው። ቀዩ ከገባ ከኋላው የሚመጣ የለም። ቀዩ ሳይገባ ደግሞ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።

መጀመሪያ የሰማው ፋራህ ነው።

ቀዩን አስሮ ከሁሉም ኋላ ይወርዳል። ኩሽኔታ አስፋልት ላይ ሲሄድ ጥርስ የሚያፋጭ ጩኸት አለው። የራሱን ጩኸት ያውቀዋል፤ ከእግሩ ሥር ነው።

ሌላ ግን ነበር...

ከኋላው።

ዞር ማለት አይቻልም፤ ዞር ያለ ይወድቃል። ይህን እያወቀ አላስቻለውም። ዞረ። ወደቀ። ግራ ጉልበቱ አስፋልቱ ላይ ተገሸለጠ።

እሱ ሲወድቅ ያ ከኋላው የነበረው ኩሽኔታም ቆመ።

መንገዱ ባዶ ነበር።

ለጓደኞቹ ምንም አልነገራቸውም። ምን ብሎ ይንገራቸው? ቢሻሮ እየተቆጣች ቁስሉን አጠበችለት፣ አዮዲን አፈሰሰችበት። "ይሄ ጠባሳ እስክትሞት አይለቅህም" አለችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያነክስ ነበር።

በሌላ ቀን ቀዩ የአየነው ተራ ሆነ።

አየነው ሲገባ ፊቱ አመድ መስሏል። ሳንቃውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ፋራህ ጆሮ ሥር መጣ።

"ከኔ ኋላ ማን ነበር?"

"ማንም።"

"እሺ..."

አየነው ሻሹን ከአንገቱ መፍታት ስላቃተው የፈታለት ዋይስ ነው። ዋይስ ፀሐይ መታህ ብሎ ቀለደበት።

ቁልቁለቱ የሚያልቅበት ግራር ሥር አዴ ኦብሲዬ በለስ ትሸጥ ነበር። ልጆቹን ትወዳቸዋለች። ሲወርዱ አይታ፣ ሳይጠይቋት እየላጠች ሳሕን ላይ ታደርግላቸዋለች። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ።

የዚያን ቀን አራት ላጠች።

ፋራህ ሦስት ነን አላት።

"ያኛውስ?" አለች፣ በቢላዋው ወደ መንገዱ እያመለከተች። "ከቀዩ ኋላ የሚመጣው። ወንድምህ አይደል? ቁርጥ አንተን..."

ፋራህ ወንድም የለውም።

አራተኛዋን በለስ ማንም አልነካትም። ሊሄዱ ሲነሱ ግን ሳሕኑ ባዶ ነበር።

እዚህ ላይ አባቴን አቋርጬ ለምን አልተዋችሁትም ብዬዋለሁ። እናንተም ይህንኑ ትሉ ይሆናል። ልጅነት ነዋ! ደግሞ ያን ጨዋታ ተዉ ማለት ዋይስን ተዉት ማለት ነበር። ሦስቱ አብረው የሚሆኑበት ሌላ ነገር አልቀራቸውም።

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። በማግስቱ ጠዋት ፋራህና አየነው ይሳፈራሉ።

ከላይ ሲደርሱ ዋይስ ቀዩን ሻሽ ከፋራህ እጅ ወሰደው። "ለኔ ነው የሚገባው። ከነገ ጀምሮ ኋላ የምቀረው እኔ አይደለሁ?" አለ። እየሳቀ ነው ያለው።

አየነው ቀድሞ ወረደ። ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

"ዋይስ... ያን ቀን ያልኩህ ነገር..."

"አብሽር" አለው ዋይስ፣ ሻሹን እያሰረ። ቀና ብሎ አላየውም። "ሂድ። መንገዱ ባዶ ነው።"

ፋራህ ሳንቃው ላይ ወጣ፣ ሄደ። ያን ቀን ከኋላው ምንም አልሰማም። እፎይ ብሎ ግራሩ ሥር ገብቶ ተቀመጠ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዋይስ መጣ።

ፊቱ በርቷል። ከአባቱ ሞት ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አይተውት አያውቁም። ሳንቃውን ጥሎ ፀሐይ ላይ የቆመውን አየነውን አቀፈው።

አንገቱ ላይ ሻሹ የለም።

"ቀዩስ?" አለው አየነው።

"ፋራህ ወሰደው! ለካ መንገድ ዳር ቆሞ ሲጠብቀኝ ኖሯል፣ መታጠፊያው ላይ ከኋላዬ ደረሰብኝ። 'አምጣው፣ ኋላ የምቀረው እኔ ነኝ' አለኝ። አቦ፣ ቃሉን አላጠፈም! ሊቀር ነው... አሁን ይመጣል።"

አየነው በአገጩ ወደ ግራሩ አሳየው።

ዋይስ ዞረ።

ፋራህ በለሱን በአፉ እንደያዘ ነበር። አልዋጠውም፣ አልተፋውም።

"አንተ..." አለ ዋይስ በሹክሹክታ። "አንተ መቼ ወረድክ?"

በዚህ መሃል ከላይ ተሰማ። ኩሽኔታ... ቁልቁል የሚመጣ... መታጠፊያው ጋ ደረሰ።

ቆመ።

ጠበቁ። እንደገና ተነሳ፣ ጥቂት ቀረበ፣ እንደገና ቆመ። አዴ ኦብሲዬ ዕቃዋን ሰብስባ ሰላም ሳትላቸው ሄደች። ፀሐይ ዘቀዘቀች። በመጨረሻ አየነው እንሂድ አለ።

"ቀዩ አልገባም" አለ ዋይስ። "ቀዩ ሳይገባ አይኬድም።"

ፋራህ እጁን ይዞ ጎተተው፤ ዋይስ አልተነሳም። ለመነው፤ መንገድ መንገዱን ያያል እንጂ አልሰማውም። ፋራህ ትቶት ሄደ። ጠዋት የሚሳፈር ሰው ነበር።

ቤት ሲደርስ ቢሻሮ በሩ ላይ ቆማ በመገረም አየችው።

"ምነው ተመለስክ?"

ፋራህ አሁን መምጣቴ ነው አላት።

"አሁን እራትህን በልተህ፣ ጉልበትህን አጥቤልህ፣ ዋይስን ብቻውን አልተወውም ብለህ አልወጣህም?" በእጇ የአዮዲኑን ጠርሙስ ይዛለች። ጣቶቿ ገና እርጥብ ነበሩ።

ፋራህ የዚያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለው። ከደንገጎ ሥር ተነስቶ እቤቱ እስኪደርስ ድረስ... አላነከሰም።

ልብሱን ሳያወልቅ አደረ። ሱሪውን ገልጦ ማየት ፈርቶ ነው።

ጠዋት ዋይስ ሊሸኛቸው አልመጣም። አውቶቡሱ ደቻቱን ተሻገረ፣ ዳገቱን ያዘ። ፋራህ በመስኮቱ በኩል ነበር፣ አየነው አጠገቡ።

ግራሩ ጋ ደረሱ።

ዋይስ እዚያው ነበር። ቆሞ ይስቃል። ወደ አውቶቡሱ አላየም፤ ለምን ያያል? የሚፈልገው ሰው አጠገቡ ነው። ክንዱን ትከሻው ላይ ጥሎ የቆመ ልጅ አለ። አንገቱ ላይ ቀይ ሻሽ። የግራ እግሩ ሱሪ ወደ ላይ ተጠቅልሏል፣ ጉልበቱ በአዮዲን ቀልሟል።

ያ ልጅ ብቻ ቀና አለ። ፋራህን አየው። ከዚያ መንገደኛ እንደሚሸኝ ሰው እጁን አነሳለት።

አየነው መጋረጃውን ጎትቶ ዘጋው።

አባቴ ከዚያ በኋላ ድሬን ረግጦ አያውቅም። እናቱ ቢሻሮ ስትሞት እንኳ አልሄደም። እኛ ልጆቹ በዚህ ስንቀየመው ነው የኖርነው። እሷም በሕይወት እያለች አንድም ቀን ለምን አትመጣም ብላ ልካበት አታውቅም... ልጇን ያጣች እናት አትመስልም ነበር አሉ።

ታሪኩን ሲጨርስ፣ "ዋይስስ?" አልኩት።

"አለ" አለኝ። "ደህና ነው። ጓደኛው አልተለየውም።"

ከዚያ ጎንበስ ብሎ የግራ እግሩን ሱሪ ቀስ እያለ ወደ ላይ ጠቀለለ፣ ጉልበቱንም ወደ መብራቱ አዙሮ አሳየኝ።

አንዲት ጭረት የለበትም።