የእንግዳው ድርሻ

ተዋበች ሠላሳ ስምንት ዓመት ልትተኛ ስለሆነ የካልሲዋን ቀዳዳ እየሰፋች ነበር። የጠፈር መርከቢቱ ወግ ነው፤ በቀዳዳ ካልሲ የነቃ ሰው መሳቂያ ይሆናል። ያኔ ቀያጩ ጮኸ። ቀያጭ የሚሉት የእንቅልፉን ፈሳሽ የሚቀላቅለውን መሣሪያ ነው፤ ከመቶ ዘጠና መድኃኒት ያለበትን ብርቱ ፈሳሽ፣ ከመቶ አሥር ብቻ ከቀረበት አሮጌ ጋር ያዋህዳል። ድብልቁ ከአሥራ አምስት ከወረደ የተኛው ሰው መንገድ ላይ ይሞታል።

ሰሌዳው «አይበቃም» ይላል።

«አንተ ደግሞ ጃጀህ!» ብላ እርሳስ አነሳች። ለአራት ሰው፣ ስልሳ አራት ስልሳ አራት ሊትር፤ ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት። ብርቱው ኤክስ ይሁን፤ የቀረው ሁሉ አሮጌው ነው። ኤክስን በዘጠና፣ ቀሪውን በአሥር አባዝታ ደመረች፤ ድምሩን ከጠቅላላው አሥራ አምስት እጥፍ ጋር አስተካከለች። ኤክስ አሥራ ስድስት ወጣ። በርሜሉ ውስጥ ያለው አሥራ ሁለት ነው፤ የሦስት ሰው። ደግማ ሠራችው። ሂሳብ አያዝንም።

የቀያጩን ማኅደር ስትከፍት በየእንቅልፉ ለአምስት ሰው ሲቀይጥ ኖሯል። አምስተኛው አልጋ ላይ ማንም ተኝቶ አያውቅም። ትእዛዙ የራሷ ነው። በመጀመሪያው እንቅልፍ አለቃቸው ጋሽ አስናቀ «ለእንግዳ ሳይቀመጥማ አይሆንም» ቢሉ፣ ድርሻውን ያስገባችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ብርቱው በየጊዜው ባዶ አልጋ ላይ እየፈሰሰ አሮጌ ሆኗል።

«ጋሽ አስናቀ፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አልልም። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«ያዘዝኩሽ እኔ፣ ያጨበጨብነው ሁላችን። እኔ ልቅር፤ አርጅቻለሁ።»

«መርከቧን ማን ያሳርፋታል? ከእርስዎ በቀር የሚችል የለም።»

ጋሽ አስናቀ አለቀሱ። የቀረው ምግብ ለአንድ ሰው ሁለት ዓመት ቢያቆይ ነው፤ ሁለቱም ያውቃሉ።

ቀያጩ ላይ «ሦስት» ብላ ጻፈች። እንዳስተማረችው ጠየቃት፦ «እንግዳውስ?»

«እንግዳዋ መጥታለች» ብላ ጻፈች፤ «ድርሻዋን ለቤቱ ሰዎች ትታለች።»

የቀሩት ሁለቱ ባልና ሚስት ምንም አልሰሙም። ሚስቲቱ ከአልጋዋ ሆና «አንቺስ?» አለቻት።

«ካልሲዬን ልጨርስና እተኛለሁ።»

ሦስቱን ክዳኖች ዘጋች። አምስተኛው አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሁለተኛውን ካልሲ አነሳች። ባትሰፋውም የሚስቅባት አልነበረም፤ ሰፋችው።