ፋይሉ ያለቀበት ሰዓት

ባለ ስቱዲዮውን በማቀናበሪያ ክፍሉ ወለል ላይ ወድቆ ያገኘችው ሚስቱ ናት፤ ጠዋት። ጭንቅላቱን የብረት ጠረጴዛው ጠርዝ መትቶታል። ሸሚዙ ደረቱ ላይ ተጨማዷል፤ አንድ ቁልፍም ተበጥሷል። የገፋው ሰው አለ ማለት ነው። ኮምፒውተሩ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ «ሥራው ተጠናቋል» የሚል ጽሑፍ አብርቶ ነበር።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «አታርፌ» ይሏታል። ከቀብሩ ማግስት ማለዳ ክፍሉ ውስጥ ከወዲያ ወዲህ ስትንቆራጠጥ ሳጅኑ ደክሞት በሩን ተደግፏል።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አላት። «ሟቹ የአንድ ከባድ ቪዲዮ ፋይል መጠን በኮምፒውተሩ እያሳነሰ ነበር። ፋይሉ ያለቀው ማታ ነው፤ እስከዚያ በሕይወት ነበር ማለት ነው። ማታ ምስክር ሳይኖራት ብቻዋን የነበረችው ደግሞ ሚስቱ ናት። በዋዜማው ሲጨቃጨቁም ጎረቤት ሰምቷል። ልያዛት?»

«ቆይ እስቲ። ሐኪሙስ ምን አለ?»

«ክፍሉ በማሽኑ ሙቀት ስለታፈነ ሰዓቱን መቁረጥ አልቻለም። ከቀትር እስከ ማታ ባለው ጊዜ ነው የሚለው።»

መጀመሪያ የስቱዲዮውን ፊልሞች የምታቀናብረው ኤዲተር ገባች። ጥርሷን ከተነቀለች ገና ስለሆነ ጉንጯ አብጧል።

«ያን ዕለት ቀትር ላይ ጥርስ ሐኪም ጋ ነበርኩ፤ ማታ እህቴ ቤት አደርኩ።»

«ይህ ማሳነሻ ፕሮግራም እንዴት ነው የሚሠራው?»

«ከኢንተርኔት በነጻ የሚወርድ ነው። ፊልሙን ይሰጡታል፣ ፍጥነትና ጥራት ይመርጡለታል፣ ያስጀምሩታል። ፈጣኑ ቶሎ ይጨርሳል፤ ጥራቱን ዝቅ ካደረጉት ግን የሰው ፊት ካሬ ካሬ ይሆናል። ጋሼ ሁልጊዜ እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት። ‹ማን ያየዋል?› ይሉኛል።»

«ዝግተኛውስ?»

«እሱማ አስጀምረውት ወደ ሌላ ጉዳይዎ መሄድ ነው።»

ቀጥሎ የሟቹ ታናሽ ወንድም መጣ፤ የስቱዲዮው ካሜራማን ነው። ዓይኑ ደም መስሏል።

«ማታ ሠርግ ስቀርጽ ነበር። ድፍን አዳራሽ አይቶኛል።»

«ከዚያ በፊትስ?»

«ቤቴ ተኝቼ።»

«ፊልሙ ስለምንድን ነው?»

«ስለ እናታችን። ታማ ሳለች የቀረጽኳት ነው። ወንድሜ ለውድድር ሊልከው ሲል ፋይሉ ከበደ።»

«ማሳነሱ ታዲያ ብዙ ይቆያል?»

«ኧረ ምን ይቆያል! ፊትዎን ታጥበው እስኪመለሱ ያልቃል።»

መርማሪዋ መንቆራጠጧን ድንገት አቆመች። ከዚያ አሰናበተችው።

ሚስትየው አስተማሪ ናት። ያን ቀን እስኪመሽ ተማሪዎች ስትፈትን ውላለች፤ ባሏ ስቱዲዮ እያደረ ስለሚሠራም ማታ አልጠበቀችውም።

«ከባልሽ ጋ ያጨቃጨቃችሁ ምንድን ነው?»

«ፊልሙን በራሱ ስም ብቻ ሊልከው ነበር። የወንድምህን ስም አስገባለት፣ ልፋቱ የእሱ ነው አልኩት። እምቢ አለ።»

መርማሪዋ ፕሮግራሙን ከፈተች። የመጨረሻውን ምርጫ አልረሳም ነበር። ዋናውን ፊልም በዚያው ምርጫ ደግማ አስጀመረችና የሁሉንም ቃል ልታጣራ ወጣች።

ከቀትር በኋላ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። የማሽኑ ማራገቢያ ይጮኻል፤ ክፍሉ ይፋጃል። ማንም አልተቀመጠም።

«ይህን ጠዋት ነው ያስጀመርኩት» አለች። «አሁንም ግማሽ እንኳ አልደረሰም። እንግዲህ ያን ዕለት ማታ ያለቀው ሥራ የተጀመረው ቀትር ገደማ ነው። አንዴ ከተጀመረ ደግሞ ሰው አያስፈልገውም፤ ክፍሉ ውስጥ ሬሳ ቢኖርም ይጨርሳል። ስለዚህ ጥያቄው ማታ ማን የት ነበር አይደለም፤ ቀትር ላይ ነው። እሷ ተማሪዎቿ ፊት ነበረች። አንቺ ሐኪሙ ወንበር ላይ። ሁለቱንም አጣርቻለሁ።»

«እኔ ተኝቼ ነበር አልኩ፤ መተኛት ወንጀል ሆነ እንዴ?» አለ ካሜራማኑ።

«አልሆነም። ግን ፊት ታጥበው እስኪመለሱ ያልቃል አልከኝ። ይህን ሌላ ሰው ቢለኝ አለማወቅ ነው እል ነበር። አንተ ግን ሙያህ ነው። ሟቹ ማታ በሕይወት ነበር ብለን እንድናምን ፈልገሃል።»

«ወንድሜ ራሱስ አስጀምሮት ቢሆን?»

«ወንድምህ ሁልጊዜ ፈጣኑንና ዝቅተኛውን ጥራት ነበር የሚመርጠው። እዚህ የተመረጠው ግን በጣም ዝግተኛውና ከፍተኛው ጥራት ነው። እንዲህ የሳሳለት ማን ነው?»

ካሜራማኑ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ።

«የእናታችንን ፊት ካሬ ካሬ አድርጎት ነበር» አለ። «ስገባ ያሳነሰውን ፊልም እያየ ነው። ለውድድሩ ይህም ይበቃል አለኝ። ስሜን ይተወው፤ እሺ። እሷን ግን እንዲያ አድርጎ… ገፋሁት። በቃ። አልተነሳም። ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር፤ ቁጭ ብዬ ፊልሙን እንደገና አስጀመርኩት፤ በደንብ እንዲሆን። በኋላ እናንተ ማታ ነው የሞተው ስትሉ ዝም አልኩ።»

ሚስትየው ስትጠጋው ሳጅኑ ልትመታው መስሎት መሀል ገባ። እሷ ግን እጇን አላነሳችም።

«ቀብሩ ላይ እግሬ ሲከዳኝ ደግፈህ የያዝከኝ አንተ ነህ» አለችው። «እኔን ሊያስሩኝ እንደሆነም ታውቅ ነበር።»

ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

«ለእናትህ ምስል የሳሳኸውን ያህል ለእኔ አልሳሳህም።»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች፤ በሩንም ቀስ ብላ ዘጋችው።