ከግድግዳው በኩል የመጣ ብርሃን

አንድ መስኮት ብቻ ባለው ክፍል ውስጥ ብርሃን ከግድግዳ በኩል እንዴት ይመጣል? ይህን ዛሬም አልመለስኩትም። ጂኒ፣ ዛር፣ ጥላ ወጊ ሲባል ፈገግ ብዬ የማልፍ ሰው ነበርኩ፤ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት፣ ቀሪውን በማታ ክፍል፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶኝ ስለሆነ፣ ያልተጻፈ ነገር ቶሎ አይገባኝም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ጅማ፣ መርካቶ ነው። ፎቶ ቤት ሄደው በወንድ ፊት ሻሻቸውን ማውለቅ የማይሹ ሴቶችን፣ ወንድሜ በተወልኝ ካሜራ እቤታቸው እየሄድኩ አነሳ ነበር፣ ፍላሽ ስለሌለኝ በመስኮት ብርሃን። የጨርቅ ነጋዴ ሚስት የሆኑት እትዬ ዘሃራ አስጠሩኝ፤ ባላቸው ከታሰሩ ሰባት ወር ሆኗቸው፣ ከእስር በወጣ ሰው «ፊትሽን ልረሳው ነው» ብለው መልእክት ልከውላቸዋል።

«ሻሼን አውልቄ ነው የምነሳው፣ እሱ እንደሚያውቀኝ። ስንቁ ውስጥ፣ እንጀራው ሥር አድርጌ አስገባዋለሁ።»

«ቢያገኙት እርስዎንም ያስገቡዎታል፣ እትዬ።»

«ወላሂ፣ ያኔ ፎቶውን ማን ይፈልገዋል!» ብለው ሳቁ።

መስኮቱን በቀኛቸው አድርጌ አስቀመጥኳቸው፤ ግራ ጉንጫቸው ጥላ ውስጥ እንዲቀር ነው የፈለግኩት፣ በዚያ በኩል በር የሌለው የጭቃ ግድግዳ ብቻ ነው። ብርሃኑ ደካማ ስለነበር ትንፋሽዎን ይያዙ ብዬ እስከ አራት መቁጠር ጀመርኩ። ሁለት ስል፣ እመኑኝ፣ ከግድግዳው በኩል መቀርቀሪያ ሲሳብ ሰማሁ፣ ቀጥሎ ነጠላ ጫማ የሚጎትት እግር። እሳቸው አልተንቀሳቀሱም፣ የአንገታቸው የደም ሥር ግን ሲመታ አየሁ።

ማታ ፊልሙን አጥቤ አተምኩት። ግራ ጉንጫቸው በርቷል፣ ከመስኮቱ ወገን ይበልጥ፣ በዚያ በኩል አንድ ሰው በር ከፍቶ ብቅ ያለ ይመስል፤ የአፍንጫቸው ጥላ እንኳ ወደ መስኮቱ ነው የወደቀው።

ጠዋት «ፊልሙ ተቃጠለ» ብዬ ዋሸኋቸው። ፈራሁ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

«ግድ የለም፣ ነገ ትደግሚኛለሽ» ብለው ስንቃቸውን ይዘው ወጡ፣ በዚያው ቀን እስር ቤቱ በር ላይ «ከእንግዲህ አታምጪ» ተባሉ። የዚህ ቃል ፍቺ ያኔ ሕፃንም አይጠፋውም። ባላቸው መቼ እንደተገደሉ የነገራቸው የለም።

ስንት ዓመት ዝም ብዬ፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት ሱቃቸው ገብቼ ነገርኳቸው። ይረግሙኛል ብዬ ነበር። የሚለኩትን ጨርቅ ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።

«ከግራ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ሞቆኝ ነበር» አሉ፣ «አንቺ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ታዲያ አይቶኛል ማለት ነው?»

እኔን ነው የጠየቁኝ፣ ፎቶውን የደበቅኩባቸውን።