«ጨረስን» ያላልኩበት ቀረጻ

እመኑኝ፣ ፈጥሬ አላወራም። እዚያው ነበርኩ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። ሚኒሶታ፣ በረዶ የሆነ ሐይቅ ዳር፣ አሮጌ የእንጨት ቤት ውስጥ።

ጫካ ውስጥ ብቻዋን ነፍሷን ለማትረፍ ስለምትታገል ሴት አስፈሪ ፊልም እየሠራን ነበር። ጠቅላላ ሦስት ሰው ነን። ዳይሬክተሩም ካሜራ ቀራጩም ኩርት ነው። እኔ ድምፅ ቀጂ። ተዋናይዋ ታናሽ እህቴ ዳርላ ናት። ለምኜ ያመጣኋት እኔ ነኝ።

ለጭራቅ ልብስ የሚሆን አቅም የለንም። ስለዚህ ጭራቁ አይታይም፤ ዳርላ ብቻ ትፈራለች።

ችግሩ... መፍራት አትችልበትም።

«አንቺ! ጭራቅ ነው ያየሽው ወይስ ድመት?» አላት ኩርት።

«ፊትህን እያየሁ እንዴት ልፍራ? ሳቄ ይመጣል!»

የመጨረሻው ትዕይንት ጓዳ ውስጥ ነው። መስኮት የለውም። ያለው አንድ በር ብቻ ነው፤ እሱም ላይ እኔና ኩርት ከውጭ በኩል ቆመናል።

ትዕይንቱ አለቀ። የክፍሉን ዝምታ መቅዳት ቀረኝ። ድምፅ ቀጂ ሁሉ ይህን ያደርጋል፤ ኋላ ፊልሙ ሲቀናበር ክፍተቱ የሚሞላው በዚያ ዝምታ ነው። እኔ «ጨረስን» እስክል ማንም አይናገርም፣ ማንም ንቅንቅ አይልም።

«ዝምታ!» አልኩ።

ጸጥ...

ገመድ አልባው ማይክ የዳርላ አንገትጌ ላይ ነው። ትንፋሿ በማዳመጫዬ ይሰማኛል።

«ወንድሜ...» አለች፣ ከንፈሯ ሳይላወስ። «ከኋላዬ...»

ደሜ ፈላ። ቀረጻዬን አበላሸችብኝ! ጣቴን አፌ ላይ አድርጌ አፈጠጥኩባት።

ታዘዘችኝ። እንባዋ ግን ወረደ። ኩርት በደስታ አውራ ጣቱን አሳየኝ... በመጨረሻ ፈራችለት።

ያኔ ሰማሁት።

ሌላ ትንፋሽ። ከባድ... ከማይኩ አጠገብ።

በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

ዘልዬ ከፈትኩት።

ጓዳው ባዶ ነው።

ፖሊስ ጫካውን አሰሰ። የሐይቁ በረዶ ሳይቀር ተሰበረ። ዳርላ የለችም።

ኩርት ፊልሙን እንዳለ አወጣው። ስለ ፊልሙ በኢንተርኔት ስትከራከሩ አነባለሁ። ድክመቱ መጨረሻ የሌለው መሆኑ ነው፣ ጭራቁም አይታይም ትላላችሁ። ጥንካሬው የልጅቷ ፊት ነው፣ ፍርሃቷ የምር ይመስላል ትላላችሁ። ያንን ሳነብ አንጀቴ ይቃጠላል።

አሁን ይህን የምጽፍላችሁ ግን ለሌላ ነው።

የማይኩ ባትሪ አንድ ቀን እንኳ አይቆይም። ዳርላ ከጠፋች ሦስት ዓመት ሆኗታል።

ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ የማይኩን ድምፅ የምቀበልበት መሣሪያ መብራት በራ።

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። 

ሁለት ትንፋሽ...

«ወንድሜ...» አለች በሹክሹክታ። «ጨረስን? ልንቀሳቀስ?»

እህቴ እስከ ዛሬ የእኔን ቃል እየጠበቀች ቆማለች።

ልናገር ከንፈሬን ከፈትኩ... ግን ፈራሁ። ንቅንቅ ሳትል የቆየችው እሷ ብቻ አይደለችም። «ጨረስን» ካልኩ ያ ከኋላዋ ያለውም ይንቀሳቀሳል።

አፌን በእጄ አፍኜ ተቀምጫለሁ። መብራቱ እንደበራ ነው።

አሁን ሁለተኛው ትንፋሽ ቆመ።

እሱም መልሴን እያዳመጠ ነው...