ከአርባ አንድ ሜትር የወጣ ጭቃ

የፖሊስ መርማሪው ሻምበል ስብሐት ወደ ጂኦሎጂ መሥሪያ ቤቱ መጋዘን ሲገባ ሬሳው ገና አልተነሣም። ጂኦሎጂስቱ ዓምሃ ወለሉ ላይ በጎኑ ተኝቷል። አጠገቡ ረጅም የጣውላ ሳጥን ተከፍቷል፤ ከራስጌው የመጋዘኑ ጠባቂ በዳሳ የገዛ ካፖርቱን አልብሶት ተቀምጧል። ነሐሴ 1976 ዓ.ም. ነበር። የእንጦጦ ጉም እስከ ጉለሌ ወርዶ መስኮቶቹን ሸፍኗቸዋል።

«መቼ አገኘኸው?» አለ ስብሐት።

«አንድ ሰዓት ላይ፣ ጌታዬ። ሻይ አምጥቼላቸው ሄድኩ፤ ብርጭቆውን ልወስድ ስመለስ ወድቀዋል። ጮህኩ፤ ሁሉም መጡ፤ አይተው ወጡ።»

«አሁን ሦስት ሰዓት ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ እዚሁ ነህ?»

«ሬሳ ብቻውን ይተዋል እንዴ? ኃላፊያችን ጓድ ወልዱ ‹አንተ ውጣ፣ እኔ እጠብቃለሁ› ብለውኝ ነበር። እምቢ አልኩ።»

ጣጣ ያመጣበትም ይኸው እምቢታው ነው። የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ ጓድ ብርሃኔ ከሁለት ባለጠመንጃዎች ጋር በሩ ላይ ቆሟል።

«ሐኪሙ ሲያናይድ ነው ብሏል፤ ላቦራቶሪው ወርቅ የሚያጣራበት መርዝ። ሻዩን ያመጣው እሱ፤ ከሬሳው አልላቀቅም ያለውም እሱ። ምን ቀረ? ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና ይመጣል። ፈርምና እናስረክበው።»

‹ፈርም› የሚለው ቃል ስብሐትን ወጋው። ከስድስት ዓመት በፊት አስቻለች የምትባል ታይፒስት ላይ «ምርመራው ተጠናቋል» ብሎ ፈርሞ ነበር። ንጹሕ መሆኗን ያወቀው ከሳምንት በኋላ ነው፤ ያ መኪና ደግሞ የወሰደውን አይመልስም። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የታይፕ ድምፅ ይሰማዋል። ሚስቱ እንጦጦ ማርያም ጸበል ወስዳው ነበር፤ አልተወውም። አሁንም እየዘነበ ነው፤ ከጣሪያው ላይ አንዲት ሴት ትጽፋለች። ፈራ። ዛሬም ተሳስቶ ቢፈርም ዳግመኛ ሰው እንደማይሆን ያውቃል።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» አለና ተንበረከከ።

የዓምሃ ከንፈር ላይ ግራጫ ጭቃ ደርቋል። በእጁ የያዘው ክብ የጭቃ ቁራሽ የጥርስ ምልክት አለበት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ከመሬት ሥር በቧንቧ ቆፍረው የሚያወጡት ነው፣ ጌታዬ። እንደ አወጣጡ ሳጥን ውስጥ ይደረደራል። አቶ ዓምሃ ‹እዚህ ያለው ሁሉ የሞተ ሐይቅ ነው› ይሉኝ ነበር። መቼ እንደዘነበ፣ መቼ ድርቅ እንደሆነ ከጭቃው ያነቡታል።»

«አፋቸው ውስጥስ ምን ይሠራል?»

በዳሳ በዚያ ሁሉ ሐዘን መሃል ፈገግ ሊል ምንም አልቀረውም። «ይቀምሱታል እኮ! ሁሉም ናቸው። ከጥርስ ሥር ከተንቋቋ ደቃቅ አሸዋ፣ እንደ ቅቤ ከሟሟ ሸክላ። ስቀጠር ያበዱ መስሎኝ ነበር።»

ስብሐት ሻዩንና የተነከሰውን ጭቃ በሞተር ብስክሌት ለምርመራ ላከ። ከዚያ ሦስቱን ባለሙያዎች በየተራ አስጠራ።

ኬሚስቷ ብርቅነሽ ዓይኗ አብጦ ነው የመጣችው።

«መርዙ የሚቀመጠው እኔ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው» አለች ሳትጠየቅ። «ቁልፉ ግን ጓድ ወልዱም ጋ፣ ጥበቃ ክፍልም አለ።»

«ዓምሃ ምን ላይ ነበር የሚሠራው?»

«ስምጥ ሸለቆ ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ ላይ። ውሃውን ሁለቴ አስለክቶኛል፤ ፍሎራይዱ ከልክ በላይ ነው። ሕፃናት ከጠጡት ጥርሳቸው ይበልዛል፤ ሲቆይ አጥንታቸው ይጎብጣል። ምክንያቱን አርባ አንድ ሜትር ላይ ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ አገኘሁት አለን፤ ትናንት፣ በስብሰባ። ዛሬ ያንን ጭቃ አይቶ ሪፖርቱን ሊጽፍ ነበር።»

«ጉድጓዱ ለማን ነው?»

«ድርቅ ላፈናቀላቸው አሥር ሺህ ሰዎች። ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ይመረቃል።»

የቁፋሮ ባለሙያው ሸፊ ቆሞ መለሰ። «እኔ የታዘዝኩበት ቆፈርኩ። ‹ንጹሕ ውሃ› ብሎ የፈረመው ወልዱ ነው። ግን አልዋሽም፤ የምስጋና ወረቀት እኔም ተቀብያለሁ።»

ወልዱ ደግሞ መሐረቡን ከዓይኑ አላነሣም። «ዓምሃ ልጄ ማለት ነው። ሥራውን ያስተማርኩት እኔ፤ ጭቃ መቅመስ እንኳ ከእኔ ነው የተማረው። በሻይ ይገደል?»

ስምንት ሰዓት ላይ ውጤቱ በፖስታ መጣ። ስብሐት አንብቦ ኪሱ ከተተው፤ ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሁሉም መጋዘኑ ውስጥ ተሰበሰቡ። በዳሳ እጁ የፊጥኝ ታስሮ ግድግዳው ሥር ቆሟል። ስብሐት ያንኑ ሳጥን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ አንድ ግራጫ ቁራሽ አነሣ።

«ዓምሃ ሲሞት ይመረምረው የነበረው ነው። ለመዝገቡ እንድጽፈው፣ ሸክላ ነው ወይስ አሸዋ?»

ብርቅነሽ ቆረስ አድርጋ ጥርሷ ላይ አደረገችው። «ሸክላ ነው» አለች። ወልዱ ሰዓቱን አየ። ሸፊ ቀመሰና፣ «ትንሽ አሸዋ አለበት» አለ። ወልዱ ግን ተራው ሲደርስ በሁለት ጣቱ ብቻ አሸት አድርጎ ጣቶቹን በመሐረቡ ጠረገ፤ እንደገናም ጠረገ።

«አይቀምሱትም?» አለ ስብሐት።

«አያስፈልግም። በዓይን ያስታውቃል።»

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እዚህ ቤት ግን ጭቃ ነው የሚያወጣው።» ስብሐት ፖስታውን ከኪሱ አወጣ። «ሻዩ ንጹሕ ነው። መርዙ የተቀባው ዓምሃ የነከሰው ጭቃ ላይ ነው። ዛሬ አርባ አንድ ሜትር ላይ ያለውን እንደሚቀምስ ትናንት በስብሰባው የነበራችሁ ሁሉ ታውቃላችሁ።»

«በዳሳም መቅመሳቸውን ያውቃል!» አለ ጓድ ብርሃኔ።

«ያውቃል። ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ከዚያ ጭቃ ጋር ብቻውን ነበር። መርዙ የእሱ ቢሆን ቁራሹን ዝናብ ላይ መወርወር ያቅተዋል? በዳሳ እዚህ ባይቀመጥ ማስረጃው ይጠፋ ነበር። ሊያስወጣው የሞከረው ማን ነው? ወልዱ። አሁን የቀመሳችሁት ከሌላ ሳጥን አውጥቼ የተካሁት ነው፤ ቀድሜ እኔው ቀምሼዋለሁ። መርዙ በሻይ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ጭቃ አይፈራም። ሁለታችሁ አልፈራችሁም። ጭቃ መቅመስን ለዓምሃ ያስተማረው ሰው ግን ፈራ።»

ወደ ወልዱ ዞረ።

«መፍራትዎስ ይሁን። ይቺ ልጅ አፏ ውስጥ ስትከተው ግን ሰዓት አዩ። ‹ተዪው› አላሉም።»

ብርቅነሽ አፏን በእጇ ሸፈነች። ወልዱ ጠረጴዛውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«ጉድጓዱ ላይ ፈርሜያለሁ» አለ። «ሪፖርቱ ቢወጣ ‹አሻጥረኛ› ብለው ይረሽኑኝ ነበር። ልጆች አሉኝ።»

«እዚያ ያሉትስ ልጆች የላቸውም?» አለች ብርቅነሽ።

ስብሐት የውሃውን ውጤት ከነቁጥሩ መዝገቡ ላይ አሰፈረ፤ በሦስት ቅጂ ጽፎም ሁሉንም አስፈረመ። ጓድ ብርሃኔ እያጉረመረመም ቢሆን ፈረመ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪናው መጥቶ ወልዱን ይዞ ሄደ። የበዳሳ እጅ ተፈታ።

«በል ሂድ፤ ነፃ ነህ» አለው ጓድ ብርሃኔ።

በዳሳ አልተንቀሳቀሰም። የግቢውን በር አየ። ሁለቱን ባለጠመንጃዎችም አየ።

«ወንድሜንም ‹ሂድ› ብለውት ነበር» አለ ለስብሐት፣ ቀስ ብሎ። «ጀርባውን ሲሰጥ ተኮሱበት። ሻምበል፣ ከኋላዬ ይሁኑልኝ።»

ስብሐት ደረቱን ለበዳሳ ጀርባ አስጠግቶ ቆመ፤ ግቢውን እንደዚያው ሆነው በዝግታ አቋረጡ። በሩን አልፈው የቀጨኔን ቁልቁለት ከጀመሩም በኋላ በዳሳ ወደ ኋላ ለመዞር አልደፈረም።

«አሉ፣ ሻምበል?» ይላል በየጥቂት እርምጃው።

«አለሁ። ሂድ።»