ፖርቱን የያዘው ማን ነው?

«ፖርቱ ተይዟል ይላል፣ ኡስታዝ!» አለች ናጽነት ከስክሪኑ እያነበበች፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የመገናኛ በር በሌላ ፕሮግራም ተይዟል ማለቷ ነው።

እሰይ! የማኅደር አንጀት ቅቤ ጠጣ።

ገዳሪፍ ከተማ ለሚሰጠው የኮምፒውተር ሥልጠና ከስደተኞች መጠለያው ትምህርት ቤት የሚሄደው አንድ ተማሪ ብቻ ነው። መምህራቸው ኡስታዝ ገሠሠ ናጽነትን መረጡ። ዛሬ በእንግዶች ፊት ትምህርቱን ለሌሎቹ ኮምፒውተሮች የሚያድለውን ፕሮግራም፣ የመማሪያውን ሰርቨር፣ ካስነሳች ትሄዳለች፤ ካቃታት ተራው የማኅደር ነው። ለመሆኑ ሊኑክስን፣ ይህን ኮምፒውተሩ የሚሠራበትን ሥርዓት፣ ማን አስተማራት? ማኅደር! ትእዛዞቹን ደብተሯ ላይ የጻፈችላትስ? አሁንም ማኅደር! ታዲያ ይህ እንዴት ይዋጣል?

«አጥፍተን ብናስነሳውስ?» አሉ አንዱ እንግዳ።

«ኧረ በፍጹም! ይሄ አሮጌ ከጠፋ ዛሬ አይነሳም» አሉ ኡስታዝ። «ያላ ናጽነት፣ ቶሎ በይ፣ ፖርቱን የያዘውን ፕሮግራም ፈልጊ።»

ማኅደር ክው አለች። ኮምፒውተሩን ማንም አያጠፋውም፤ ሁሉም ስክሪኑን ብቻ አጥፍቶ ነው የሚወጣው። እሷም ትናንት ከትምህርት በኋላ፣ ከናጽነት እንደማታንስ ለማየት፣ በራሷ መግቢያ ስም የራሷን ገጽ እዚያው ፖርት ላይ ሞክራ ነበር። ስክሪኑን አጠፋች፤ ፕሮግራሙን ግን አልዘጋችም። በአንድ ፖርት ደግሞ ሁለት ፕሮግራም አይቀመጥም።

ናጽነት መፈለጊያውን ትእዛዝ ጻፈች። ምንም አልመጣም። ደገመችው፤ ባዶ። ሱዶን፣ የአስተዳዳሪ ፈቃድ የሚሰጠውን ቃል፣ ረስታለች! ያለ ሱዶ የሌላ ሰው ፕሮግራም አይታይም። ማኅደር ይህን ታውቃለች። ሱዶ ከተጨመረ የሚወጣው የራሷ ስም እንደሆነም ታውቃለች። ዝም ካለች ገዳሪፍ የሷ ናት።

ናጽነት ዞር አለች። ጠርጥራት አይደለም፤ ግራ ሲገባት የምትዞረው ሁልጊዜ ወደ እሷ ነው።

«ማሒ፣ ምን ረሳሁ?»

ወይ ጣጣ! ምነው ባትጠይቃት! ቅናቱ እንደሆነ አሁንም አልለቀቃትም።

«ሱዶ» አለች በመጨረሻ። «ከፊቱ ሱዶ ጨምሪ።»

መስመሩ ብቅ አለ፤ የፕሮግራሙ ስም፣ ቁጥሩ፣ ቀጥሎም ባለቤቱ፦ ማኅደር። ናጽነት አነበበችው። ጓደኛዋን አየቻት፤ ከዚያም ኡስታዝ ሳይጠጉ መስመሩን ከስክሪኑ ልታጠፋው ጣቷን ወደ ቁልፎቹ ሰደደች።

ማኅደር እጇን ያዘቻት።

«ተይው» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማ። «የኔ ነው፣ ኡስታዝ። ትናንት ሳልዘጋው ነው የወጣሁት። ናጽነት፣ ዝጊውና ሰርቨሩን አስነሺ።»