አንድ ጃኬት ለሁለት

«ነክቼዋለሁ!» ጅሬኛ ጭምብሉን ከፊቱ ገፍትሮ ወደ ተጋጣሚው ወደ ኪያ እየጠቆመ ጮኸ። «ጎኑን መትቼዋለሁ፤ መብራቱ ነው እንቢ ያለው!»

«ውሸታም!» የኪያ የቡድን ጓደኛ ማቲዎስ ከተቀመጠበት ተነሥቶ መለሰለት። «መብራት የሚበላሸው አንተ መሸነፍ ስትጀምር ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ዳኛዋ ለጅሬኛ ቢጫ ካርድ አወጣችለት። የቢሾፍቱው ልጅ እንባ ያቀረረ ዓይኑን በጭምብሉ ሸፈነ። ይበለው፣ አለ ማቲዎስ በልቡ።

ከየከተማው የመጡ ታዳጊዎች የሚጋጠሙበት የስፖርት ጨዋታ ነው። ዛሬ ሳበር የሚባለው የሰይፍ ግጥሚያ የወንዶች ቡድን ፍጻሜ ነው፣ የአዲስ አበባው ካራ ከቢሾፍቱ። ከየቡድኑ ሦስት ልጆች ቀጭን ሰይፍ ይዘው በየተራ ይገባሉ፤ ቀድሞ አርባ አምስት ነጥብ የሞላ ቡድን ናይሮቢ ይሄዳል። ጃኬታቸው የብረት ክር ስላለውና ከጀርባቸው በሽቦ ከመብራቱ ጋር ስለሚገናኝ፣ ሰይፍ ሲነካው መብራት ይበራል። ማቲዎስና ኪያ ትከሻቸው እኩል ነውና አንዱን ጃኬት እየተቀባበሉ ነው የሚለብሱት። የሦስተኛው ልጅ፣ የጋሮማ ጃኬት ለእነሱ ይጠባል።

ማቲዎስ ሁለት ዓመት ሙሉ ከየካ አባዶ በሁለት ሚኒባስ እየተመላለሰ ተለማምዷል። ቅዳሜ ቅዳሜ የእንጦጦን ዳገት ሮጧል። ናይሮቢ እንደሚሄድ ለኮንዶሚኒየሙ ብሎክ ሰው ሁሉ ከተናገረ ቆይቷል።

የመጨረሻው ዙር የእሱ ነበር። ካራ አርባ ለሠላሳ ዘጠኝ ይመራል፤ ተጋጣሚው ጅሬኛ ነው። ኪያ ላብ የነከረውን ጃኬት እያለበሰው ወደ ጆሮው ተጠጋ።

«ቀኝ ጎንህን አትጠብቅ አቦ። ጭንቅላትህን ብቻ ጠብቅ።»

«ለምን?»

«እዚያ ጋ አይበራም።»

ማቲዎስ ዞሮ አፈጠጠበት።

«እማዬ ናት። ሐሙስ ዕለት ሸተተኝ ብላ በበረኪና ዘፈዘፈችው፤ ጎኑን ፈትጋ ፈትጋ ክሩን ጨረሰችው። ዳኞቹ ጠዋት ሲፈትሹ ደረቱንና ክንዱን ብቻ ነው የነኩት።»

«እና ዝም አልክ?!»

«ሌላ የለንማ! ብናገር ኖሮ በጠዋቱ ወደ ቤታችን ነበርን። አታካብድ። አንተም'ኮ ጠዋት ለብሰኸው ስትፎልል ነበር።»

ማቲዎስ ደሙ ፈላ። እዚያው በቦክስ ሊለው እጁን ጨበጠ። የኪያን እናት እትዬ በለጡን ሳይቀር፣ ጃኬት በበረኪና የሚዘፈዝፍ እጃቸውን በልቡ ረገመ። «ውሸታም» ብሎ የጮኸውም ትዝ ሲለው ራሱን ጠላ። ዳኛዋ ስሙን ጠራች። እንደተናደደ ገባ።

እንደ እብድ ተጫወተ። ከጅሬኛ ጭምብል በስተጀርባ የሚታየው የኪያ ፊት ነው። ጅሬኛም የዋዛ አልነበረም፤ አርባ አራት እኩል ሆኑ።

ለመጨረሻዋ ነጥብ ሁለቱም ተወረወሩ። መጀመሪያ የጅሬኛ ሰይፍ የማቲዎስን ቀኝ ጎን እንደ ጅራፍ ለበለበው፤ ቀጥሎ የማቲዎስ ሰይፍ ጅሬኛ ትከሻ ላይ አረፈ። አንድ መብራት ብቻ በራ። የካራ።

«ናይሮቢ! ናይሮቢ!» ኪያና ጋሮማ እየዘለሉ መጥተው ተጠመጠሙበት። አሰልጣኝ ሀብቶም እጁን ዘርግቶ ይስቃል።

ጅሬኛ ቆሞ ቀረ። ቀድሞ መምታቱን ያውቃል፤ አፉን ግን አልከፈተም። ከሁሉም በላይ ማቲዎስን ያንገበገበው ይህ ዝምታው ነው። የኪያን እጅ ከትከሻው ላይ አሽቀነጠረ።

«ማቲ፣ እንዳትቀውጠው!» አለ ኪያ በሹክሹክታ። «ጓደኛዬ አይደለህም?»

«ዞር በል!»

የጀርባው ሽቦ ገና አልተነቀለም። ጅሬኛ ፊት ሄዶ ቆመ።

«ሰይፍህን ወደዚህ አምጣ።»

«ደግሞ ምን ልታደርገኝ ነው?»

ማቲዎስ የሰይፉን ጫፍ በጓንቱ ያዘና የራሱ ቀኝ ጎን ላይ አጥብቆ ጫነው።

«ዳኛ፣» ብሎ ጮኸ፤ «ውጤቱን ሳይጽፉ መብራቱን ይዩልኝ።»